የሐርለም ሆስፒታል የግድግዳ ሥዕሎች፦ የአሠሪና የሠዓሊ ክርክር በኒው ዮርክ

በሕዝብ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚያሠራ አካል ሁለት ነገሮችን ይወስናል፤ አንደኛው ሥራው ለማን ይሰጥ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በግድግዳው ላይ ምን ይሣል፣ የማንስ መልክ ይታይ የሚለው ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ለጥቁር አሜሪካውያን ሠዓልያን የመጀመሪያው በር በስፋት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ያለ ትግል አልተከፈተም። በ1936 በሐርለም ሆስፒታል የግድግዳ ሥዕሎች ላይ የተነሣው ውዝግብ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ያለውን ርቀት አጉልቶ ያሳያል።

የነገሩ መነሻ በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ገዢና አሠሪ ያጡ ሠዓልያን ከሌላው ሥራ አጥ ጋር ለችግር በመዳረጋቸው፣ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 የፌዴራል የሥነ ጥበብ ፕሮጀክት የተባለውን መርሐ ግብር አቋቋመ፤ በዚህ መርሐ ግብር የተቀጠሩ ባለሙያዎች ሳምንታዊ ደመወዝ እየተከፈላቸው ለትምህርት ቤቶች፣ ለሆስፒታሎችና ለሌሎች የሕዝብ ተቋማት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ይሠሩ ነበር። ከዚያ በፊትም ሠዓሊው አሮን ዳግላስ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ከአፍሪካ እስከ ዘመናዊው ከተማ የሚተርኩ አራት ትላልቅ ሸራዎችን በመንግሥት ወጪ ሠርቶ፣ በ1934 በሐርለም 135ኛ መንገድ ላይ ለሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አበርክቷል። ይሁን እንጂ ጥቁር ባለሙያዎች በቅጥሩም ሆነ በኃላፊነቱ ቦታ ተገቢውን ድርሻ የሚያገኙት ተደራጅተው ሲጠይቁ ብቻ መሆኑን ስለ ተረዱ፣ በ1935 የሐርለም ሠዓልያን ማኅበርን መሠረቱ። ከአባላቱ አንዱ የነበረው ቻርልስ አልስተን የሐርለም ሆስፒታልን ሥራ እንዲመራ ሲመደብ፣ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሱፐርቫይዘርነት ሥልጣን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

አልስተን ራሱ ያዘጋጀው ንድፍ ፊት ለፊት የሚነጻጸሩ ሁለት ሥዕሎችን የያዘ ነበር። በመጀመሪያው የአፍሪካ ባህላዊ ሕክምና ከከበሮውና ከጭፈራው ጋር የመካከለኛውን አፍሪካ የፋንግ ሕዝብ የተቀረጸ ምስል ከቦ ሲታይ፣ በሁለተኛው የተለያየ ዘር ያላቸው ሐኪሞችና ነርሶች በአንድነት ሲሠሩ ይታያሉ፤ የሁለቱ መጣመር አዲሱ ሕክምና ከአሮጌው የሰው ልጅ ጥበብ ጋር ያለውን ዝምድና ለማሳየት የታሰበ ነው። ቨርቲስ ሄይስ ከአፍሪካ መንደር ተነሥቶ በባርነትና በስደት አልፎ በአሜሪካ ከተሞች ወደ ሙያ ሕይወት የሚደርሰውን የጥቁር ሕዝብ ጉዞ በተከታታይ ክፍሎች ነደፈ። በወቅቱ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የነበረችው ጆርጀት ሲብሩክ ደግሞ የሐርለም ነዋሪዎች ሲጫወቱ፣ ሲጨዋወቱና ሲዝናኑ የሚያሳየውን የሰፈሩን የዕለት ተዕለት ኑሮ መረጠች። ከእነዚህ ጋር በሲሲሊ የተወለደው ጣሊያን አሜሪካዊ አልፍሬድ ክሪሚ ዘመናዊ ቀዶ ሕክምናን የሚያሳይ ፍሬስኮ፣ ማለትም ቀለሙ ከልስኑ ጋር አብሮ እንዲደርቅ በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣል የግድግዳ ሥዕል፣ እንዲሠራ ተመድቦ ነበር።

ንድፎቹ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ለሎውረንስ ደርሞዲ ሲቀርቡ፣ ኃላፊው ጥቁሮቹ ሠዓልያን ካዘጋጇቸው መካከል አራቱን ሳይቀበሏቸው ቀሩ፤ የከተማው የሆስፒታሎች ኮሚሽነር ጎልድዋተርም ውሳኔውን ደገፉ። የቀረቡት ምክንያቶች በሥዕሎቹ የጥቁር ሕዝብ ጉዳይ በዝቷል፣ ሆስፒታሉ ለሁሉም እንጂ ለጥቁሮች ብቻ የቆመ አይደለም፣ የአካባቢው ነዋሪዎችም ራሳቸው ሊቃወሙት ይችላሉ የሚሉ ነበሩ፤ ከዚህም ሌላ ሐርለም ከ25 ዓመታት በኋላ የጥቁሮች ሰፈር ላይሆን ይችላል የሚል ትንበያ ተጨመረበት። ትንበያው ግን እውን አልሆነም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሐርለም በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን መኖሪያ እንደ ሆነ ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር ሲታይ፣ ነጭ ሐኪሞችን የሚያሳይ ሥዕል የሁሉም ተደርጎ ሲወሰድ፣ ጥቁር ሰዎችን የሚያሳይ ሥዕል የአንድ ወገን ብቻ ተደርጎ ተቆጥሯል። ሥራው ለጥቁር ሠዓልያን መሰጠቱ አላስከፋም፤ ያስከፋው ሠዓልያኑ ራሳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን መሣላቸው ነው።

የሐርለም ሠዓልያን ማኅበርና የሠዓልያን የሠራተኞች ማኅበር ውሳኔውን በመቃወም በጋራ ተነሡ፤ ጉዳዩ በጋዜጦች ተዘግቦ፣ አቤቱታው እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ ከደረሰ በኋላ ሥራው እንዲቀጥል ተፈቀደ። ሆኖም ሥራ መጀመር ብቻ ለሥዕል ዕድሜ ዋስትና አይሆንም፤ የዚያው ትውልድ ሁለት ታሪኮች ይህን ያስረዳሉ። የሐርለም ሠዓልያን ማኅበር ግንባር ቀደም አባል የነበረችው ቀራፂ ኦጋስታ ሳቬጅ ለ1939 የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርዒት እንድትሠራ ታዝዛ፣ የመዘምራን ረድፍ በበገና ቅርጽ የቆመበትን ግዙፍ የጀሶ ሐውልት ብታቆምም፣ በነሐስ ለማስወጣትና ለማኖር የሚሆን ገንዘብ በመታጣቱ ሐውልቱ ትርዒቱ ሲያበቃ ፈረሰ። ንድፉ ያለ ክርክር ያለፈለት ክሪሚም ቢሆን፣ በማንሃተን የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶት የነበረው ፍሬስኮ በ1946 በቀለም ስለ ተሸፈነበት ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ በ1949 የተሰጠው ፍርድ ሥዕሉን ያስረከበ ሠዓሊ በውሉ የተለየ መብት ካላስቀረ በስተቀር ከባለቤቱ ጋር ሊከራከር አይችልም የሚል ሆነ። የግድግዳው ባለቤት ሥልጣን ከዘር ልዩነት ባሻገርም ይዘልቅ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሕጎች ቀስ በቀስ ተለወጡ። ኒው ዮርክ በ1982 ባወጣችው ሕግ ከተማዋ ገንዘብ ከምታወጣባቸው የተወሰኑ ሕንፃዎች ወጪ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ስትደነግግ፣ የ1990ው የፌዴራል ሕግ ለተወሰኑ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ባለሙያዎች ሥራቸው እንዳይጠፋ ወይም እንዳይዛባ የመከራከር መብት ሰጠ። የሐርለም ሆስፒታል ሥዕሎችም ለረጅም ጊዜ ከተጎዱ በኋላ ታድሰው፣ በ2012 በተከፈተው የሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ልዩ ማሳያ አገኙ፤ የሄይስ ሥዕል ክፍሎችም ጎልተው በሕንፃው የመስታወት ፊት ላይ ታተሙ። ዛሬ የታወቁ ሙዚየሞች ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የወጡ ሠዓልያንን እያዘዙ ያሠራሉ፤ በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትእዛዝ ሁለት ግዙፍ ሸራዎችን የሠራችው በዚያው በሐርለም፣ አገልግሎት በማይሰጥ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዎቹ በ2017 ያለ መግቢያ ክፍያ በሚገባበት አዳራሽ ተሰቅለው ነበር።

ስለዚህ አንድ ተቋም ለልዩ ልዩ ሕዝቦች ሠዓልያን ምን ያህል ክፍት እንደ ሆነ በቀጠራቸው ሰዎች ዝርዝር ብቻ አይለካም። ሠዓሊው ያቀረበው ንድፍ አሠሪውን ቅር ሲያሰኝ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሚሆን፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላም ለእንክብካቤው ገንዘብና ሕጋዊ ጥበቃ ተመድቦ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሐርለም ሠዓልያን በ1936 ያነሡት ጥያቄም ከሥራ ዕድል ጥያቄ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።