የጤፉ ብረትና የደሙ ቁጥር

ኢትዮጵያዊ ብረት አይጎድለውም የሚለው እምነት ከባዶ አልመጣም። ስዊድናዊው ሐኪም ኢንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የደም ጥናት፣ ጤፍ በሊታው ሕዝብ በየቀኑ የሚበላው ብረት እጅግ ብዙ መሆኑን ገልጿል። የአገሩ ሰው አልምጎርድ ግን በ1963 ምንጩን ጠቁሞ ነበር፤ ብዙው ብረት ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ አፈር ነው። በጉና ተራራ ግርጌ በሬ ሲያበራይ ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም። የአፈር ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። የጤፉን የራሱን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል፤ እርሾ ከፊሉን ቢፈታውም ከምግብ ጋር የሚጠጣው ቡናና ሻይ መልሶ ያግደዋል። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል።

ደም ማነስ ሁሉ ታዲያ የብረት ጉዳይ አይደለም። ደቡብ ጎንደር ይህን በሕይወት ከፍሎ ተምሮታል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ እየከሳና እየገረጣ፣ ጣፊያው እያበጠ ሲሞት መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። በ2005 ሲመረመር ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታ ሆነ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ማከም ጀመሩ። ለዚያ ታማሚ የብረት ክኒን ምን ይፈይድለታል?

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ፣ እስከ 2024 ድረስ በሠራበት ሰንጠረዥ በዚህ ከፍታ ከተለካው ሄሞግሎቢን 1.3 ግራም በዴሲሊትር ይቀነስ ነበር። 13 የተለካላት ሴት 11.7 ትሆን ነበር፤ ከ12 በታች ስለሆነች ደም አነሳት ትባል ነበር። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ግን በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር የሚኖሩት የሰሜን ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢን ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳየች። በሌላ አገር ደጋ ደም የተሠራን ቅናሽ እዚህ እንዳለ መጫን፣ በእኔ እምነት፣ ጤነኛዋን ታማሚ ያደርጋል።

ስለዚህ የሚታመነው የብረት ክምችትን የሚለካው ፌሪቲን ነው። በጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል። ሕመም ወይም ብግነት ሲኖር ግን ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ስለሚል መለያው 70 ይሆናል። ቀጥሎ ብረቱ የሄደበት ይፈለጋል፦ በሰገራ ምርመራ የመንጠቆ ትል፣ በሴቶች የወር አበባ መብዛት፣ አንዳንዴም በጨጓራና በአንጀት የሚፈስ ስውር ደም።

ሐኪሙ ክኒን ጽፎ ሊያሰናብትዎ ሲል ብረቱ በምን እንደጎደለ ይጠይቁት፤ ወንድ ከሆኑ ወይም የወር አበባዎ ከተቋረጠ ደግሞ መልሱን ሳያገኙ አይውጡ።