ከማትሪክ እስከ ሃምሳ በመቶ፦ የአስጠኚነት ታሪካችን

በእንዲህ ያለ የመገናኛ መጽሐፍ ስለ መምህራኖቻችን፣ ስለ ዶርሙና ስለ ካፌው ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ብዙዎቻችን ሠርተነው ሥራ ብለን እንኳን ስለማንጠራው ነገር ላንሳ፤ ስለ ማስጠናት። ከስድስት ኪሎ ወይም ከአራት ኪሎ ግቢ ወጥቶ፣ የሰው ቤት በር አንኳኩቶ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠንቶ በዚያች ብር ጫማ የገዛ፣ አንዳንዴም ለእናቱ የላከ በመካከላችን ጥቂት አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲጀመር በአገሩ የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የመግቢያው በር የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው፤ ሕዝቡ «ማትሪክ» ያለው። ውጤቱ በፊደል እየተሰጠ ከ4 ነጥብ ይሰላል። ያኔ አስጠኚ ማለት ታላቅ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የግቢ ተማሪ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ደግሞ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት አገለገለ። ለብዙ የገጠር ከተማ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማለት መጀመሪያ አስተማሪው ነው።

በደርግ ዘመን የማትሪክ ፍርሃት ሌላ መልክ ያዘ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ለወንድ ልጅ ማትሪክ መውደቅ ትምህርት ማቋረጥ ብቻ አልነበረም። እናት ስለት የምትሳለው፣ አባት ካለው ቀንሶ አስጠኚ የሚፈልገው ልጁን ከጦር ሜዳ ለማስቀረትም ነበር።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በሩን ከቦታው አዛወረው። በ1990ዎቹ ማትሪክ ቀርቶ አንድ አገር አቀፍ ፈተና በ10ኛ፣ ሌላው በ12ኛ ክፍል ሆነ። ስለዚህ ጭንቀቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቤት ገባ። የመብራት እንጨቱ ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር በዛ። በየክልሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ አስጠኚው ሥራ ይፈታል ያለ ነበር፤ አልፈታም። ጥያቄው «ይገባል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ሕክምና ይደርሰዋል ወይ?» ሆነ እንጂ።

እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ይህንኑ መተዳደሪያዬ አድርጌ፣ ጥቂት አስጠኚዎች ይዤ እየሠራሁ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ዓመታት አይረሱም። አንደኛው 2008 ነው፤ በግንቦት ፈተናው ሾልኮ ወጣና ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን የሚደውል ወላጅ ሁሉ ስለ ትምህርት አይጠይቅም፤ «የወጣ ነገር አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል አለ። ሁለተኛው የ2014 ፈተና ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ እያደረ ተፈተነ፤ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ግን 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4 በመቶ። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቤተሰብ የሚጠይቀው ዋስትና ነው። «ታሳልፉልናላችሁ?» ይላሉ። ይህን ቃል የሚሰጥ አስጠኚ ሞልቷል፤ እኛ አንሰጥም። ልጁን ሰዓት ይዘን የቆየ ፈተና እናስፈትነዋለን፤ ከዚያ የትኛው ምዕራፍ እንደጎደለው ለወላጁ በግልጽ እንነግራለን። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር አናስጀምርም፤ የሠራውን ይከልሳል፣ በጊዜ ይተኛል። ለወላጅ የምንሰጠው ምክርም አጭር ነው፦ የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣ እራት ላይ አታንሱ። ግማሹ ሥራችን ትምህርት ከሆነ ግማሹ ቤቱን ማረጋጋት ነው።

ታሪኩን ስናየው አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ በሩ በጠበበ ቁጥር አስጠኚ ይበዛል፤ አስጠኚ የሚደርሰው ግን መክፈል ለሚችል ቤት ብቻ ነው። ድሮ የድሃው ልጅ ግቢ ገብቶ የባለጸጋውን ልጅ ያስጠና ነበር። ዛሬ አንድም ተማሪ ካላሳለፈው ትምህርት ቤት ያ የድሃ ልጅ ግቢ ካልደረሰ ነገ ማን ማንን ሊያስጠና ነው? ይህን እንጀራዬ የሆነ ሰው ሲናገረው ሊያስገርም ይችላል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይጠበቅብንም። በክረምት ፈቃደኛ የሆኑ የግቢ ተማሪዎች እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሄደው እንዲያስጠኑ እኛ ትራንስፖርቱንና ማደሪያውን ብንችል፣ ትምህርት ክፍሎችም የቆዩ ፈተናዎችን ከነማብራሪያቸው ቢያዘጋጁ ይበቃል። ሥራውን እንደሆነ እናውቀዋለን፤ በተማሪነታችን ሠርተነዋል።