ሻለቃ ኮኒግን ማን አየው?

ሞስኮ በሚገኘው የጦር ኃይሎች ማዕከላዊ ሙዚየም ውስጥ አንድ የጀርመን ጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ለእይታ ተቀምጧል። ባለቤቱ ስታሊንግራድ ላይ በቫሲሊ ዛይትሴቭ ጥይት የወደቀ የጀርመን አልሞ ተኳሾች አለቃ እንደነበረ ይነገራል። እኛ አገር ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው “ኤነሚ አት ዘ ጌትስ” ከተሰኘው የ2001 ፊልም ነው። ጁድ ሎው ዛይትሴቭን፣ ኤድ ሃሪስ ደግሞ ጀርመናዊውን ሻለቃ ኮኒግን ሆነው በከተማዋ ፍርስራሽ ውስጥ ሲፈላለጉ ይታያሉ። ውጊያው ያበቃበት ጥር 25 በመጣ ቁጥር ይኸው ወሬ ይነሳል። ታዲያ ኮኒግ የሚባል ሰው ነበረ ወይ?

ጥያቄ የማይነሳበትን እናስቀድም። በጄኔራል ፍሬድሪክ ፓውሎስ የሚመራው የጀርመን 6ኛ ጦር እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ቮልጋ ወንዝ ዳር ደረሰ። በዚያው ወር 23ኛ ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ አነደዷት። የጄኔራል ቫሲሊ ቹይኮቭ 62ኛ ጦር ወንዙን ከጀርባው አድርጎ ቤት ለቤት፣ ፎቅ ለፎቅ ተናነቀ። ኖቬምበር 19 ሶቪየቶች መልሶ ማጥቃት ጀመሩ፤ በአራት ቀን ውስጥም ከበባው ገጠመ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943፣ በእኛ ጥር 25 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ የመጨረሻዎቹ ጀርመኖች እጅ ሰጡ። በመጨረሻ ከተማረኩት 91 ሺህ ያህል ወታደሮች መካከል አገራቸውን መልሰው ያዩት 6 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው።

ዛይትሴቭም በእርግጥ ነበረ። ፊልሙ በወታደር በተጨናነቀ ባቡር ተጭኖ የመጣ የዋህ ገበሬ ያስመስለዋል። ሰውየው ግን ከ1937 ጀምሮ በፓስፊክ የባሕር ኃይል ያገለገለ፣ የሒሳብና የደመወዝ ሥራ ይሠራ የነበረ የ27 ዓመት የበታች ሹም ነው። ወደ ግንባር ልላክ ብሎ የጠየቀውም ራሱ ነው። ተኩሱን በልጅነቱ ኡራል ተራራዎች ውስጥ ከአያቱ ጋር እያደነ ተምሮታል። በሴፕቴምበር 1942 መጨረሻ ከ284ኛ ክፍለ ጦር ጋር ቮልጋን ተሻግሮ ማማዬቭ ኩርጋን በተባለው ኮረብታ ዙሪያ ተሰለፈ። ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 17 ባሉት ሳምንታት 225 ጠላት እንደገደለ ተመዝግቦለታል፤ ከነዚህም 11ዱ እንደሱ አልሞ ተኳሾች ናቸው። በጃንዋሪ ዓይኑን ቆሰለ። በፌብሩዋሪ 1943 “የሶቪየት ኅብረት ጀግና” የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ። ቁጥሩን የሚጠራጠር ሊኖር ይችላል፤ ሰውየውን ግን መጠራጠር አይቻልም።

ችግሩ ያለው ከአሥራ አንዱ በአንዱ ላይ ነው።

ዛይትሴቭ በማስታወሻው እንደተረከው፣ አንድ የጀርመን ምርኮኛ የበርሊን አልሞ ተኳሾች ትምህርት ቤት አዛዥ እሱን ለመግደል በአውሮፕላን መምጣቱን ይናገራል። ወዲያው ሁለት ጎበዝ ተኳሾች ይመታሉ፤ የአንዱ መነጽር ይደቅቃል፣ ሌላው ይቆስላል። ዛይትሴቭ ከባልደረባው ከኒኮላይ ኩሊኮቭ ጋር ሆኖ ለቀናት የጠላትን ምሽግ በዓይኑ ያስሳል። ዳኒሎቭ የተባለ የፖለቲካ ሹም አብሯቸው ይመጣና “አየሁት” ብሎ ቀና ከማለቱ ጥይት ያገኘዋል። በመጨረሻ ዛይትሴቭ በተቃጠለ ታንክና በባዶ ምሽግ መካከል፣ የጡብ ቁልል አጠገብ የተጣለች አንዲት ቆርቆሮ ላይ ዓይኑ ያርፋል። ጓንት በጣውላ ላይ ሰክቶ ብቅ ሲያደርግ ጥይት ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ተኳሹ ከፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮዋ ሥር እንዳለ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጀርመኖቹ ስትዞር ከሥሯ አንድ ነገር ብልጭ ይላል። ኩሊኮቭ የብረት ቆቡን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ጀርመናዊው ይተኩሳል፤ ኩሊኮቭ የተመታ መስሎ ጮኾ ይወድቃል። ጀርመናዊው የገደለውን ለማየት አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ዛይትሴቭ ምላጩን ይስባል። ሌሊት ሬሳውን ከቆርቆሮው ሥር ጎትተው ሰነዶቹን ወስደው ለክፍለ ጦሩ አዛዥ ያስረክባሉ።

ግሩም ትረካ ነው። ጓንቱና ቆርቆሮው ውጊያ ያየ ሰው የሚያውቃቸው ነገሮች ስለሆኑ ያሳምናሉ። የማያሳምነው ሻለቃው ነው። ተረከቡ የተባሉት ሰነዶች ለታሪክ ጸሐፊዎች አልደረሱም። በጀርመን በኩልም የዚህን ሰው ዱካ ያገኘ የለም። ስሙም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። በዛይትሴቭ ትረካ ሻለቃ ኮኒግ ነው። እንግሊዛዊው አለን ክላርክ በ1965 በጻፈው መጽሐፍ ሃይንዝ ቶርቫልድ ይሆናል፤ ማዕረጉም ወደ ኤስ ኤስ ኮሎኔልነት ያድጋል። ፊልሙ ላይ ደግሞ ኤርዊን የሚል ስምና ስታሊንግራድ ላይ የሞተ ልጅ ያገኛል። ሟች በሞተ በስንት ዓመቱ ማዕረግ ሲጨመርለት አይገርምም?

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ አንቶኒ ቢቨር በ1998 ባሳተመው የስታሊንግራድ መጽሐፍ ያነሳው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል። ከግንባሩ ወደ ሞስኮ፣ ለቀይ ጦር የፖለቲካ መምሪያ ኃላፊ ለአሌክሳንደር ሽቸርባኮቭ፣ በየጊዜው ሪፖርት ይላክ ነበር። የአልሞ ተኳሾች ጉዳይ እየተጋነነ ከሚጻፍባቸው ርዕሶች አንዱ ነው። ማን ስንት ገደለ፣ ማን ስንት ተማሪ አፈራ፣ ሁሉም ይመዘገባል፤ ለአብዮቱ 25ኛ ዓመት በገዳዮች መካከል ሶሻሊስታዊ ውድድር እስከማካሄድ ተደርሷል። ስለዚህ ፍልሚያ ግን በሪፖርቶቹ ውስጥ አንድም ቃል የለም። እንዲህ ያለ ቢሮ የበርሊን ትምህርት ቤት አዛዥ ተገድሎ፣ ሰነዱም ተይዞ ሳለ አንድ መስመር ሳይጽፍ ቀረ ማለት ይከብዳል። የፖለቲካ ሹም የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አግኝቶ ዝም አይልም።

ሌላው ምስክር የ“ክራስናያ ዝቬዝዳ” ጋዜጣ ዘጋቢ የነበረው ቫሲሊ ግሮስማን ነው። ግሮስማን ስታሊንግራድ ውስጥ ከተኳሾቹ ጋር ተገናኝቶ የሰማውን በደብተሩ ያሰፍር ነበር። ከዛይትሴቭ አፍ የጻፈው አንድ ገጠመኝ አለ፤ ጥቂት መስመር ናት። አንድ ጀርመናዊ ተኳሽ ሦስት ሰው ገድሏል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቀ፤ ሸለቆው ባዶ ሲመስለው ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። ጠመንጃው መሬት ላይ ነበር። ዛይትሴቭ ይህን አይቶ ሙሉ ቁመቱን ቆመ። ጀርመናዊው አየው፤ ገባውም። ከዚያ ተኩሱ ሆነ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ማዕረግ የለም፣ በርሊን የለችም፣ የቀናት ፍለጋ የለም፤ ስሙ ያልታወቀ ወታደር በመጨረሻዋ ቅጽበት ምን እንደሚሆንበት ተረዳ። እኔ የማምነው ይህን ነው።

ከዚህች ገጠመኝ ተነስቶ ሻለቃው ድረስ እንዴት እንደተደረሰ መገመት አያዳግትም። አሥራ አንድ ስም የለሽ ተኳሾች የጋዜጣ ወሬ አይወጣቸውም። ለጀግና ባላንጣ ያስፈልገዋል፤ ባላንጣው በትልቁ ቁጥር ጀግናውም ያድጋል። በኛ አገር የጥንት ወግ ዘማች ፎክሮ ግዳዩን ከጌታው ፊት ሲጥል “እገሌን ጣልኩ” ማለቱ ያኮራው ነበር። የሙዚየሙ መነጽርም ግዳይ ነው፤ ከአንድ ጀርመናዊ ላይ መወሰዱን ይመሰክር ይሆናል፣ የማን እንደነበረ ግን አይናገርም። ትረካው በቹይኮቭ የጦር ማስታወሻ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ ይከራከር? ጄኔራሉ ከተማዋን የያዘ ሰው ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ክሬግ በ1973 በመጽሐፉ አዳረሰው፤ የፊልሙም ስም የተወሰደው ከዚያ መጽሐፍ ነው።

ዛይትሴቭ ከጦርነቱ በኋላ ኪየቭ ኖረ፤ ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ ቀናት ሲቀሯት፣ በዲሴምበር 1991 እዚያው አረፈ። ዓፅሙ በ2006 ወደ ማማዬቭ ኩርጋን ተወሰደ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር እዚያችው ኪየቭ ሰማይ ላይ ሌላ ስም የለሽ ጀግና ታየ ተባለ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስድስት የሩሲያ አውሮፕላን የጣለ “የኪየቭ መንፈስ”። የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ በኤፕሪል መጨረሻ ሰውየው ሕዝብ የፈጠረው አፈ ታሪክ መሆኑን አስታወቀ። ሁለት ወር ነው የፈጀው። ሻለቃ ኮኒግ ግን ቢቨር እስኪጠይቀው ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ፤ ተጠይቆም አልሞተም፤ በሦስተኛው ዓመት ኤድ ሃሪስን መስሎ ሲኒማ ቤት ገባ።