የጡት ካንሰርን ለማወቅ ጤነኛውን ጡት ማወቅ

ስለ ጡት ካንሰር ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው ስለ ዕብጠቱ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናውና ስለ ሞቱ ነው፡፡ ጡት በጤናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ ግን እምብዛም አይነገርም፡፡ በዚህም የተነሳ በሽታውን ምች ወይም እርግማን ያመጣው የሚመስላቸው ወገኖች ጥቂት አይደሉም፡፡ እውነቱ ሌላ ነው፡፡ ካንሰር የሚሆኑት የዚያው የጡት ሕዋሳት ናቸው፤ የሚያድጉትም ጡት ወተት ለመስጠት በሚያድግበት መንገድ ነው፡፡

የጡት አሠራር

በአንድ ጡት ውስጥ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ የወተት ዕጢ ክፍሎች አሉ፡፡ እያንዳንዱ ክፍል የወይን ዘለላ በሚመስሉ ወተት አመንጪዎች የተሞላ ሲሆን፣ ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ የሚያደርሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፡፡ የቀረው ስብና ደጋፊ ሥጋ ነው፡፡ የቱቦው ግድግዳ ሁለት ረድፍ ሕዋሳት አሉት፡፡ የውስጠኛው ከወተቱ ጋር ይገናኛል፤ የውጭኛው እየተኮማተረ ወተቱን ይገፋል፡፡ ሁለቱንም ከዙሪያቸው ሥጋ የሚለይ ስስ ሽፋን አለ፡፡ አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚነሳው ቱቦውና ዘለላው ከሚገናኙበት ሥፍራ ነው፡፡

ሁልጊዜ የሚለዋወጥ አካል

እንደ ልብና ጉበት ያሉ አካላት ቅርጻቸውን የሚይዙት በማህፀን ሳሉ ነው፡፡ ጡት ግን ሥራውን የሚጀምረው ከተወለዱ ከዓመታት በኋላ ነው፡፡ በጉርምስና ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቱቦዎቹን ያስረዝማል፡፡ ከዚያ በኋላ በየወሩ ሕዋሳቱ ለእርግዝና ይዘጋጃሉ፤ እርግዝና ካልመጣ የተዘጋጁት ይከስማሉ፡፡ ከወር አበባ በፊት ጡት የሚከብደውና የሚያመው በዚሁ ለውጥ ምክንያት ነው፡፡ በእርግዝና ጊዜ ዘለላዎቹ ይጎለምሳሉ፣ ሕፃኑ ጡት ሲጥል ይሟሽሻሉ፣ ከማረጥ በኋላም አብዛኛውን ሥፍራ ስብ ይይዘዋል፡፡

አደጋውም ያለው በዚህ ውስጥ ነው፡፡ አንድ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ዘረ መሉን ይገለብጣል፡፡ በግልበጣው ስህተት ይፈጠራል፡፡ አብዛኛው ስህተት ወዲያው ይታረማል፤ ያልታረመው ግን ለዓመታት ይጠራቀማል፡፡ ከአራሚዎቹ መካከል ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የተባሉት ጂኖች ይገኙበታል፡፡ እነዚህ ተበላሽተው ከወላጅ ሲወረሱ የካንሰር አደጋው በእጅጉ ይጨምራል፡፡ ይሁንና በዘር የሚተላለፈው ከጠቅላላው የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው፡፡ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በሁለቱ ጂኖች ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ይዞ ቆይቶ ነበር፡፡ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈጥሮ የሠራውን ዘረ መል ማንም የራሱ ሊያደርገው አይችልም ሲል በሙሉ ድምፅ ወስኗል፡፡

ሆርሞንና ካንሰር

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን እ.ኤ.አ. በ1896 የከፋ የጡት ካንሰር የያዛትን ሴት እንቁልጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣቱንና ዕብጠቷም መሟሸሹን ጽፏል፡፡ ኤስትሮጅን ገና ባልታወቀበት ዘመን የተገኘ ውጤት ነበር፡፡ ዛሬ አብዛኛው የጡት ካንሰር ልክ እንደ ጤነኛው ሕዋስ የኤስትሮጅን መቀበያ እንዳለው ይታወቃል፡፡ ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን የሚሠራው ይህንኑ መቀበያ በመዝጋት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና በ30 አገሮች የተካሄዱ 47 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ የጡት ካንሰር አደጋ በእያንዳንዱ ወሊድ በ7 በመቶ፣ በእያንዳንዱ 12 ወር ማጥባት ደግሞ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል፡፡ ይህ ማለት ግን የወለደችና ያጠባች አትታመምም፣ ያልወለደች ትታመማለች ማለት አይደለም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሴትነትና ከ40 ዓመት በላይ ከመሆን በቀር ሌላ የተለየ ምክንያት የላቸውም፡፡ ወንዶችም ከ0.5 እስከ 1 በመቶውን ይይዛሉ፡፡

ወሰኑ ሲጣስ

የተበላሹት ሕዋሳት በቱቦው ውስጥ ተወስነው እስከቆዩ ድረስ ወደ ሌላ አካል አይሠራጩም፡፡ ስሱን ሽፋን ጥሰው ሲወጡ ግን ወደ ብብት ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ አጥንት፣ ሳንባና ጉበት መሄድ ይችላሉ፡፡ በጊዜ የተደረሰበትንና የዘገየውን በሽታ የሚለያየው በአብዛኛው ይህ ነው፡፡

በአገራችን የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ይዟል፡፡ ብዙዎቹ ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፡፡ ለዚህ አንዱ ምክንያት «አያመኝም» የሚለው መዘናጋት ነው፡፡ ጅምር ላይ ያለ ካንሰር ብዙ ጊዜ አያምም፡፡ የምታጠባ እናትም ዕብጠቱን «ወተት ቋጥሮ ነው» ብላ ልትተወው ትችላለች፡፡ ከወር አበባ ጋር እየመጣ የሚሄድ መጠጠር የተለመደ ነው፡፡ የወር አበባው አልፎም የማይጠፋ ዕብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ አዲስ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማውጣት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፡፡

በሽታው ከተረጋገጠም ታካሚዋ ልትጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፡- «ዕብጠቱ የሆርሞን መቀበያ አለው ወይ?» በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከሦስቱ የሁለቱ ገደማ ዕብጠት መቀበያው እንዳለው አሳይቷል፡፡ ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፌን ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነ ሕክምና ነው፡፡ ምርመራው ሳይደረግ ቢቀር ግን ማን እንደሚጠቀምበት በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፡፡ ስለዚህ ምርመራውን ማግኘትም ሆነ ውጤቱን ማወቅ የታካሚዋ መብት እንጂ የሐኪሙ ችሮታ ሊሆን አይገባም፡፡ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ያልጠየቀም ላያገኝ ይችላል፡፡