ዱላና ምርኩዝ

“ዱላ” ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን መደባደቢያው በትር ነው። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ዱላ ተላከለት ቢባል መቼም የማይደነግጥ የለም። ቃሉ ግን የግሪክ ነው፤ በጥንቱ አነጋገር ሴት ባሪያ፣ ገረድ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዳና ራፋኤል ወላድን ለምታግዝ ሴት መጠሪያ አደረገችው። በ2003 ደግሞ ሄንሪ ፈርስኮ-ዌይስ የተባለ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በኒውዮርክ ከተማ ስቃይ ማስታገሻ በሆነ አንድ ሆስፒስ ውስጥ ለሟችም እንዲህ ያለ አጃቢ የሚሰጥ አገልግሎት ጀመረ። ለወላድ የሚደረገው ለሚሞተው ለምን ይቀራል ብሎ ነው።

የዚህ አጃቢ ነገር ጎልቶ የሚታየኝ የአስቤስቶስን ታሪክ ሳስብ ነው። በእንግሊዟ ሮችዴል ኔሊ ከርሾ የተባለች ሴት አስቤስቶስ ትፈትል ነበር። በ1922 ትንፋሽ አጥሯት ከሥራ ቀረች። ዘጠኝ ሳምንት ቤት ስውል አንድ ሳንቲም አላየሁም ብላ ለኩባንያው ጻፈች። ኩባንያው አልከፍልም አለ፤ ሕመሟን ሕጉ አያውቀውማ! በ1924፣ በ33 ዓመቷ ሞተች። ሳንባዋን የመረመረው ዶክተር ዊልያም ኩክ የአስቤስቶስ ብናኝ አገኘበትና ጻፈው። በ1931 እንግሊዝ የፋብሪካ አቧራ መቆጣጠሪያ ደንብ አወጣች። ሳንባዋ የሕግ ማስረጃ ሆነ፤ ለእሷ ግን አልደረሰላትም።

የከርሾ ሕመም የሳንባ ጠባሳ ነበር። ካንሰሩ፣ ሜሶቴሊዮማ፣ የተጋለጠው ኋላ ነው። በ1960 ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ኬፕ ያገኟቸውን 33 ሕመምተኞች ታሪክ አሳተሙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ማዕድኑ አጠገብ ከማደጋቸው በቀር ቆፍረው አያውቁም። በ1965 ደግሞ ኒውሃውስና ቶምፕሰን በለንደን የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ከማጠብ በቀር ከአስቤስቶስ ጋር ያልተዋወቁ ሚስቶችን አገኙ። እስቲ አስቡት፤ ልብስ ማጠብ!

በሽታው ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ይቆያል። ከታወቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ የሚኖሩት አንድ ዓመት ገደማ ነው። በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። እንግሊዝ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ1999 ቢሆንም፣ በቅርብ ዓመታትም ከ2,000 በላይ ሰው በየዓመቱ በዚህ ካንሰር ይሞትባታል።

ታዲያ አጃቢው ምን ይሠራል? መድኃኒት አይሰጥም፣ ውኃውን አይቀዳም፤ ያ የሐኪምና የነርስ ነው። እሱ ቁጭ ይላል። የት መሞት ትፈልጋለህ፣ ማን አጠገብህ ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ሌሊት ሲነጋጋ የደከመችውን ሚስት ተክቶ ይጠብቃል። በእንግሊዝ በሜሶቴሊዮማ የሞተ ሰው ጉዳይ ኮሮነር ለሚባለው የአሟሟት መርማሪ ይቀርባል፤ ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ምርመራ እንዳይደርስበት አስቀድሞ ያዘጋጀዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ካሳ የሚጠይቅ ሕመምተኛ ከ40 ዓመት በፊት የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲሠራ እንደነበር በሚያጥር ትንፋሹ ለጠበቃ መናገር አለበት። ጠበቃው የሚፈልገው አቧራውን ነው። ሰውየው ግን በዚያው ፋብሪካ ጓደኛ አፍርቷል፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ለእናቱ ስጦታ ገዝቷል፣ ምናልባት ሚስቱን ያወቃት እዚያው ነው። ይህ ፋይል ውስጥ አይገባም። ሁለተኛውን ታሪክ ለልጆቹ እንዲተው ቀረጻ ይዞ የሚሰማው ያ አጃቢ ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። አጃቢ የፍትሕ ምትክ አይደለም። ካሳ የነፈገ ኩባንያ “አጽናኝ ልኬላችኋለሁ” ቢል ስድብ ነው። ሙያውም ቢሆን በአሜሪካም በእንግሊዝም የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ብዙ ጊዜ ክፍያው ከቤተሰቡ ኪስ ነው። ደሃው ዛሬም ያለ አጃቢ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

እኛ አስታማሚ የሚል የቆየ ቃል አለን። አስታማሚ አያድንም፤ ግን ሕመምተኛውን ብቻውን አይተወውም። ኔሊ ከርሾ ሐኪም አይቷታል፣ ኩባንያ መልሶላታል፣ ከሞተች በኋላ ሳይንስ መርምሯታል። ደብዳቤዋን ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጦ “ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው” የሚላት ሰው ነበራት ወይ? በትርም ሽማግሌ ሲደገፈው ምርኩዝ ይባላል።