የፕሮግራመር ቅጥርና ፈተናው

የፕሮግራመርነት ሥራ ሲጀመር የመግቢያ ፈተና አልነበረውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ የሚያሰሉ ሴቶችን በፊላደልፊያ ቀጥሮ ያሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ኤኒያክ ለተባለው ኮምፒውተር ፕሮግራመርነት የተመረጡት ስድስት ሴቶች ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። የሚያስተምራቸው መጽሐፍ ስላልነበረ የማሽኑን ንድፍ እያጠኑ ሙያውን ራሳቸው ፈጠሩት። ስማቸው ለዐሥርት ዓመታት ሳይነሣ መቆየቱ ትልቅ በደል ነው።

በ1950ዎቹ ኮምፒውተር ሲበዛ የሰው እጥረት መጣ። ሙያው የሚማሩበት የትምህርት ክፍል ገና ስላልነበረው ቀጣሪዎች የሚፈልጉት የተማረ ሳይሆን ተሰጥኦ ያለው ሰው ነበር። አይቢኤም በ1955 ያዘጋጀው የፕሮግራመሮች የችሎታ ፈተና የቁጥር ቅደም ተከተልን፣ የሥዕሎችን ተዛምዶና የሒሳብ ጥያቄዎችን የያዘ ነበር፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ለብዙ ዓመታት ተጠቀሙበት። ፈተናውን ማለፍ ግን በሥራው ጎበዝ ለመሆን ዋስትና እንዳልሆነ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዊሊያም ካነንና ዳሊስ ፔሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፕሮግራመሮችን አጥንተው እንቆቅልሽ መፍታት እንደሚወዱ፣ ከሰው ጋር መዋል ግን እምብዛም እንደማይስባቸው ጻፉ። ካጠኗቸው አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ቀጣሪዎች ይህን መልክ መለኪያ ሲያደርጉት፣ ሴቶች የጀመሩት ሙያ ለሴቶች እየጠበበ ሄደ።

ማይክሮሶፍት በኋላ የእንቆቅልሹን ልማድ ወደ ቃለ መጠይቅ አመጣው። የመንገድ ላይ ጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ ሆነ የሚለው ጥያቄ የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ጉግልም ይህን መንገድ ተከትሎ ነበር፤ በ2013 ግን የሰው ኃይል ኃላፊው ላዝሎ ቦክ እንዲህ ያለው ጥያቄ ማን ጥሩ ሠራተኛ እንደሚሆን ምንም እንደማይናገር በይፋ አመነ።

እንቆቅልሹን የተካው ነጭ ሰሌዳው ነው። ተፈታኙ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ በሚወስድ ቃለ መጠይቅ አንድ የአልጎሪዝም ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ሐሳቡን እየተናገረ ኮዱን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በአንድ ቀን እንዲህ ያሉ አራት ወይም አምስት ዙሮች ሊያልፍ ይችላል። ከተቀጠረ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ግን ሌላ ነው። የጉግል የጋራ ኮድ ክምችት በ2015 ወደ 2 ቢሊዮን መስመር ደርሶ ነበር፤ አዲስ ገቢ ሌሎች ከዓመታት በፊት የጻፉትን ያነባል፣ ጥቂት መስመር ይቀይራል፣ የቀየረውንም ባልደረባው መርምሮ ካላጸደቀው አያስገባም። ትዕግሥትንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚጠይቀው ይህ ትልቁ የሥራው ክፍል በነጭ ሰሌዳው ላይ እምብዛም አይፈተንም። ጉድለቱ እውነተኛ ነው።

ቢሆንም የዛሬው ፈተና ከ1955ቱ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ይጠናል። የጌይል ላክማን ማክዳወል የቃለ መጠይቅ መዘጋጃ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ፣ የመለማመጃ ድረ ገጾችም ሲበዙ፣ የጥያቄዎቹ ዓይነት የጥቂቶች ምስጢር መሆኑ ቀረ። በአዲስ አበባም አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ የተባለው ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለዚሁ ቃለ መጠይቅ ያሠለጥናል፤ ከሠልጣኞቹም ጉግል የተቀጠሩ አሉ።