ሌሊት የሚጮኸው ልጅ፦ ቅዠት ወይስ ናይት ቴረር?

ታናሽ ወንድማችሁ ከተኛ 2 ሰዓት ሳይሞላው ጮሆ ተነሳ። ዓይኑ ፈጧል፣ በላብ ተጠምቋል፣ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። ቤተሰቡ «ምን ነካው?» እያለ ይደናገጣል።

ይሄ ናይት ቴረር የሚባል የእንቅልፍ ችግር ሊሆን ይችላል። ከቅዠት የሚለይበትን እንንገራችሁ፦ ቅዠት ብዙ ጊዜ ወደ ንጋት ይመጣል፤ ልጁ ነቅቶ ያየውን ይናገራል። ናይት ቴረር ግን ከባድ እንቅልፍ ላይ እያለ ነው፤ ዓይኑ ቢከፈትም አልነቃም፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩሳትና ጭንቀት ያባብሱታል።

ምን እናድርግ? አትነቅንቁት፣ ውሃም አትርጩበት፤ ይብስበታል። እንዳይወድቅ አጠገቡ ሁኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ከተደጋገመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ጉዳት ካደረሰበት ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት።